ስሟ ከመዝገብ ያልገባ ሴት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ዝናቡና ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? እታለም በስልክ «ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቁጭ ይላሉ» ካለችኝ ጀምሮ እሑድ እሑድ በሐሳቤ አብሬዎት ነው የምሄደው። ሳሉ ለቀቀዎት? የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋሉ ወይስ ደህና በሆኑ ቁጥር ይተዉታል? ወንድሜ ደግሰው እንዴት ነው? እታለምስ? ትንሿ ልጃቸው ብርሃን የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ላሟስ በሰላም ወለደች? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ናፍቆቱን ግን አይጠይቁኝ።

በደብዳቤ የምጽፍልዎ ስልኩ ስለማያገናኘን ነው። መስመር በተገኘ ቀን እንኳ እኔ ከዚህ እጮሃለሁ፣ እርስዎ ከዚያ «አለን፣ አለን» ይላሉ፤ የጠየቅሁዎትና የመለሱልኝ አይገጥምም። በመጨረሻ እታለም ትቀበልና «ደህና ናቸው» ትለኛለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ብዙ እቆያለሁ። አሁን ከእኔ ጋር አንድ ግቢ የተከራየው መምህር ዓለምነህ ከሰቆጣ ወደ ባሕር ዳር ሊወርድ ስለሆነ በእጁ ልኬዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ደንበጫ የሚያልፍ ሰው ፈልጎ ይሰጥልኛል። በራስዎ መነጽር፣ ደስ ባለዎት ሰዓት ያንብቡት። ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አልፈልግም።

የሚከብደውን አስቀድሜ ልንገርዎ። ለዘመን መለወጫ አልመጣም። ሰኔ ላይ «ዝውውር ጠይቄያለሁ፤ ከተፈቀደልኝ ጠቅልዬ እገባለሁ» ብዬዎት ነበር። ተፈቀደልኝ። ደብዳቤው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እጄ ገባ፤ ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ ከደጅዎ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እኔ ነኝ አልሄድም ብዬ የመለስሁት። እታለም ክፍሌን እንዳስለቀለቀች፣ እርስዎም የአልጋውን እግር እንዳስጠገኑልኝ ሰምቻለሁ። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ከሥሩ እነግርዎታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቢቀየሙኝም አውቀው ይቀየሙኝ።

ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅዎት «ስብሰባ ነው የምትውለው» እንደሚሉ እታለም እየሳቀች ነግራኛለች። አልተሳሳቱም። ድርጅታችን ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ያቋቋሟቸውን ማኅበራት እየፈለገ ያሠለጥናል፤ እድሩን፣ የውኃ ኮሚቴውን፣ የሴቶቹን ማኅበር፣ የበጎ ፈቃደኞችን ስብስብ። ደንብ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚያዝ፣ ኮሚቴ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ዕቅድና ሪፖርት እንዴት እንደሚዘጋጅ እናሳያለን። በቢሮ አነጋገር «አቅም ግንባታ» ይባላል። ሥልጠናውን ጨርሶ በወግ የተመዘገበ ማኅበር ለሥራው የሚሆን ዕቃ ይሰጠዋል። ይህን ሥራ ወድጄው ነው የገባሁበት። የእድራችሁን መዝገብ እርስዎ መስኮቱ ሥር ሆነው ሲጽፉ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ በንጹሕ እጅ የተጻፈ ነገር ሰውን ይጠብቃል ብዬ አምን ነበር።

ብቸኝነቱን ግን እስከ ዛሬ ደብቄዎታለሁ። የሰቆጣ ሰው ደግ ነው። ቢሮም፣ ቤትም፣ መንገድም ላይ ሰዎች እርስ በርሳቸው ኽምጣንጋ ያወራሉ፤ እኔ ስመጣ ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ደግነት ነው። ሳቁ ግን መሐል ላይ ይቆማል። በሥራ ቀን ስናገር ስለምውል አይታወቀኝም፤ በዓል ሲመጣ የግቢው ሰው ሁሉ ወደየዘመዱ ይሄድና እኔና የውኃ በርሜሉ እንቀራለን። ለፋሲካ አከራዬ ወይዘሮ ጥሩሐረግ በሳሕን ሸፍነው ወጥ ላኩልኝ። ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ በሬን ዘጋሁና ቆሜ በላሁ። ለአንድ ሰው ገበታ መዘርጋቱ ከበደኝ መሰለኝ።

ግንቦት ላይ ወደ ደሃና ወረዳ፣ ወይራ አምባ ወደምትባል ጎጥ ተላክሁ። እስከ አምደወርቅ በመኪና፣ ከዚያ አራት ሰዓት ተኩል በእግር ነው። ቤቶቹ በየጉብታው ተበታትነው የተቀመጡ ናቸው፤ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ድምፅ ይደርሳል እንጂ እግር ቶሎ አይደርስም። እዚያ የቃሬዛ ማኅበር አለ። መኪና ስለማይወጣ፣ ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲጠናባት፣ ከሁለት የባሕር ዛፍ አጠናና ከጠፍር በሠሩት ቃሬዛ አስተኝተው በትከሻቸው ገደሉን ያወርዷታል። አምቡላንስ በጠፋበት በጦርነቱ ጊዜ የጀመሩት ነው፤ ማንም አላዘዛቸውም።

ደንባቸው አንዲት ነበረች። የቸገረው ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ «ቃሬዛ!» ብሎ ይጣራል፤ የሰማ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። በቃ። አባል ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሰብሳቢያቸው አቶ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የተሸከሟቸውን ሰዎች ግን በስም ይዘዋቸዋል። ስልሳ ሦስት ቆጠሩልኝ። ሁለቱ መንገድ ላይ ነበር ያረፉት፤ እነሱንም አልዘለሏቸውም።

ሦስት ቀን በትምህርት ቤቱ ክፍል አሠለጠንኋቸው። ኮሚቴ ተመረጠ። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረ መልሰው የሚባል ገበሬ ጸሐፊ ሆነ፤ ጽሕፈቱ እንዴት ያምራል መሰለዎት። የአባላት መዝገብ ከፈትን፣ ስምንት ስምንት ሰው በየሳምንቱ ተረኛ እንዲሆን ዝርዝር አወጣን። ደንቡን ከቢሮ ከተሰጠኝ ናሙና ላይ ነበር ያስገለበጥኋቸው። አንቀጽ ሰባት «የማኅበሩ አገልግሎት ለተመዘገቡ አባላት ብቻ ይሰጣል» ይላል። እሱ ሲነበብ አቶ ጓንጉል እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ ከመዝገቡ ውጭ ያለ ሰው ቢጣራስ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «እንዲመዘገብ ይነገረዋል አባቴ፤ ምዝገባው ለሁሉም ክፍት ነው» አልኋቸው። ደንቡን የጣሰ ማኅበር ምዝገባው ሊሰረዝ እንደሚችልም ጨመርሁ። ትንሽ አዩኝና «እሺ፤ የተማራችሁት እናንተ ናችሁ» አሉ። የተስማሙ መስሎኝ ወደ አንቀጽ ስምንት አለፍሁ።

ሪፖርቴ ተመሰገነልኝ። አለቃዬ አቶ አሥራተ ማርያም ወይራ አምባን በስብሰባ ላይ በምሳሌነት አነሡት። ሁለት የብረት ቃሬዛ፣ የዝናብ ልብስና ቦት ጫማ እንዲሰጣቸውም ተጠየቀላቸው። ያን ሳምንት ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ እንኳ ያጠረልኝ መሰለኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ለክትትል ተመለስሁ። ያረፍሁት ታይቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው። ጎረቤቷ ወለተጊዮርጊስ ትባላለች፤ ድርቁ ሲጠና ከዝቋላ ወረዳ ተነሥታ የመጣች ናት። ባሏ ለቀን ሥራ ወደ ሑመራ እንደሄደ ወሬው ጠፍቷል። እርጉዝ ነበረች፤ የመጀመሪያዋ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ታይቱ እየሮጠች ገባችና «ውኃው ፈሷል፤ ደም አለው» አለችኝ። ከዚያ አፋፉ ላይ ወጥታ ተጣራች።

አባዬ፣ ማዶ ያሉት ሰዎች ሲወጡ አየኋቸው። ከወጡ በኋላ ግን ከደጃቸው ቆሙ። አንዱ «ተረኛው ማነው?» ብሎ ጮኸ። ከስምንቱ ተረኞች አምስቱ አምደወርቅ ገበያ ወርደው ነበር። ሌላው «ለማን ነው?» አለ። ታይቱ ስትነግራቸው እርስ በርስ ተያዩ። መልሰው መዝገቡን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ መጣ። ገለጥ ገለጥ አድርጎ ፈለገ፤ ስሟ የለም። ለመመዝገብ ቀድሞ መጥታ ነበር ለካ፤ ቅጹ ግን የመሬት ደብተር ቁጥር ይጠይቃል፣ እሷ መሬት የላትም። ለሁሉም ክፍት ነው ያልሁት ምዝገባ ይህ ነበር። ቅጹንም ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። መልሰው ፊቱ አመድ መስሎ «መምህርት፣ አንቀጽ ሰባት አለ። ከጣስነው ይሰረዛል ብለውናል። ምን ይሻላል?» አለኝ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልንገርዎ። ከቤታችን ሰው ለማንም አልነገርሁትም። «ደንቡን ተወው፤ አንሡ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን «ቆዩ፣ ቢሮ ልደውል» አልሁ። ስልክ የሚይዘው ከላይኛው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። በጭቃው ተንሸራትቼ ወጣሁ። መስመር የለም። ወዲያ ወዲህ እያልሁ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣሁ ቆየሁ። ከታች የእሷ ድምፅ ይሰማኛል፤ እኔ ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀሁ።

ስወርድ አቶ ጓንጉል ከማሳቸው ደርሰው ነበር። ማንንም አልተቆጡም። ቃሬዛውን ከማደሪያው አውጥተው አንደኛውን ጫፍ በትከሻቸው አድርገው ቆመዋል። «ጆሮዬ ሰምቷል፤ ሌላ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ወደ ማዶ ዞረው ራሳቸው ተጣሩ። ሰዎቹ ያን ድምፅ ሲሰሙ አልቆሙም፤ ከየደጃቸው እየሮጡ ወረዱ። መልሰው መዝገቡን ለታይቱ ሰጥቶ በሁለተኛው ጫፍ ገባ። አሥራ ስድስት ሆኑ። ክፉዎች ስለሆኑ አልነበረም የዘገዩት፤ እኔን አምነውኝ ነው።

እየተቀያየሩ ወረድን። እኔ ጃንጥላ ይዤባት ከጎኗ እሄዳለሁ። እጄን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞልቶ አገኘነው። ከላይ የዘነበው ገና መድረሱ ነበር፤ ከመድረሳችን በፊት የተሻገረ አንድ ባለ አህያ ከማዶ ሆኖ እጁን እያወዛወዘ «አሁን ነው የመጣ! አሁን!» ይለናል። ተቀምጠን ጠበቅን። አቶ ጓንጉል ጋቢያቸውን አልብሰዋት ጭንቅላቷ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ይጸልያሉ። ማንም እኔን አላየኝም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሆኗል። እሷን አተረፏት። ልጅቷ ግን ሞታ ነው የተወለደች። አዋላጇ ወጥታ ስትነግረን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። «ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሰዎቹ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ተቀምጠው ነበር፤ አንድ በአንድ ነጠላና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። መልሰው ብቻውን ወደ ጓሮ ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ ተቀመጡ። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ጉብታው ላይ ለምን እንደወጣሁም ነገርኋቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር። አቶ ጓንጉል ግን «መጻፉን አንጠላም ልጄ» አሉ። «ማን ተሸክሞ እንደደከመ፣ ማን ሳይወጣ እንደከረመ አሁን እናውቃለን፤ ይህ ጠቅሞናል። ግን ከሁሉ በላይ፣ ከስማችንም በላይ አንዲት ነገር ይጻፍልን፤ የሰማ ይውጣ።» መልሰው አንቀጽ ሰባትን በማስመሪያ ሰረዘው። አንቀጽ አንድ ላይ እንዳሉት ጻፈና ሁሉም ፈረሙ፤ መፈረም የማይችሉት አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

የተሻሻለውን ደንብ ይዤ ቢሮ ገባሁ። አቶ አሥራተ ማርያም ክፉ ሰው አይደሉም። ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ናሙናውን መለወጥ በእኔ ሥልጣን አይደለም፤ ወደ በላይ አካል እጽፋለሁ» አሉ። ከዚያ ለእኔ አስበው «ሪፖርቱ ላይ በወንዝ ሙላት ምክንያት ተብሎ ቢገባ አይሻልም?» አሉኝ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ውሸት አይባልም። እኔ ግን ጉብታውንም፣ ስልኩንም፣ አንዱን ሰዓትም እንደሆነው ጻፍሁት። የብረት ቃሬዛዎቹ እስካሁን አልመጡም። ይምጡ አይምጡ አላውቅም። ወይራ አምባዎች አሁንም በዚያው በባሕር ዛፉ ይሸከማሉ።

የዝውውሩ ደብዳቤ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አቶ አሥራተ ማርያም «ውሰጂው፣ ሂጂና እረፊ» አሉኝ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤቴ ስሄድ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅዎትም። የእርስዎን ደጅ፣ የግራሩን ጥላ፣ የእታለምን ሳቅ አሰብሁ። ቤቴ ገብቼ የሥልጠና ማስታወሻዬን ስጠቀልል ግን ዝርዝሩን አገኘሁት። ዐሥራ አንድ ማኅበራት ናቸው፤ በደሃና፣ በጋዝጊብላና በዝቋላ። በሁሉም ደንብ ውስጥ አንቀጽ ሰባትን ያስጻፍሁት እኔ ነኝ። ሰዎቹም እንደ ወይራ አምባዎች አምነውኛል። በእኔ ቦታ የሚመጣው ሰው ያው ናሙና ይሰጠዋል፤ ለምን መሰረዝ እንዳለበት ማን ይነግረዋል? እስካሁን አራቱ ጋ ሄጃለሁ፤ እየተቀመጥሁ የሆነውን እነግራቸዋለሁ፣ ራሳቸው ይሰርዙታል። ሰባቱ ቀርተዋል። ሁለቱ ዝቋላ ቆላ ውስጥ ናቸው፤ ወንዞቹ ካልጎደሉ አይደረስባቸውም። አባዬ፣ ይህን ጥዬ እርስዎ አጠገብ ብቀመጥ፣ የማወራዎት ወሬ ሁሉ አፌ ውስጥ ይመርብኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ወለተጊዮርጊስን ለማየት ወጣሁ። ስኳርና ሳሙና ይዤ ነበር፤ ደጇ ስደርስ አፈርሁበት። ምስር እየለቀመች ነበር። ታይቱ አብራኝ ገባች። እንደምንም ብዬ ያመጣኝን ተናገርሁ፤ ጉብታው ላይ የቆምሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንሁ። ከምስሩ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። ሳበቃ በኽምጣንጋ መናገር ጀመረች። አማርኛ ትችላለች፤ ገበያ ላይ ስትገዛና ስትሸጥ ሰምቻታለሁ። ያን ቀን ግን በራሷ ቋንቋ መናገርን መረጠች። ረጅም ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም። አንዳንድ ጊዜ ትቆምና ትቀጥላለች። ታይቱ ራሷን አቀርቅራ ታዳምጣለች። ስትጨርስ «ምን አለች?» ብዬ ታይቱን ጠየቅኋት። ታይቱም «ደህና ግቢ ነው ያለችሽ» አለችኝ።

ያን ያህል የሚረዝም «ደህና ግቢ» በየትኛውም ቋንቋ የለም። ግን ደግሜ አልጠየቅሁም። አራት ሰዓት ተኩሉን ብቻዬን ወረድሁ። አሁን ከወይዘሮ ጥሩሐረግ ኽምጣንጋ እየተማርሁ ነው፤ ስሳሳት ይስቁብኛል፣ ያ ሳቅ መሐል ላይ አይቆምም። የእሷን ቃላት ግን አልያዝኋቸውም። የቀረኝ ድምፁ ብቻ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቀው እኖራለሁ መሰለኝ።

እንግዲህ አባዬ፣ ሰላምታዬን ለቤቱ ሁሉ ያድርሱልኝ። ለወንድሜ ለደግሰው፣ የእርሻው ልፋት እንዲቀልለት እመኛለሁ፤ እኔ የሌለሁበትን እንክብካቤ ሁሉ እሱ ብቻውን እየተሸከመ እንደሆነ አውቃለሁና ይቅር ይበለኝ። ለእታለም፣ ክፍሉን ስላጸዳችልኝ እጇን እስማለሁ፤ እስክመጣ ብርሃን ትተኛበት። የብርሃንን ጉንጭ በእኔ ፋንታ ይሳሙልኝ፤ ፊደሏን ስትጨርስ ደብዳቤ የምትጽፈው ለእኔ ነው። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሐዋርያት አንዲት ስም ያልወጣላትን ሕፃን በጸሎት ያስቡልኝ፤ የእናቷ ስም ወለተጊዮርጊስ ነው። ጋሽ ትእዛዙንም ጎረቤታችንን እንደምን አሉ ይበሉልኝ። ወደ እማዬ መቃብር ሲሄዱ ከእኔም አንድ ጧፍ ያብሩልኝ።

እርስዎ ደግሞ አባዬ፣ ለእታለም ሳይነግሩ በራስዎ እጅ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ። «ደግ አደረግሽ» እንዲሉኝ አይደለም። ተቀይመውኝም ከሆነ እንደተቀየሙኝ ይጻፉልኝ፤ ጽሕፈትዎን ልየው።

ልጅዎ የትናየት

ሰቆጣ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.